ጥጃ የሞተበት ቤት፤ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የካህኑና የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን በገሠጸ ጊዜ የመረጠው ምሳሌ ስለ አንዲት ትንሽ በግ ነበር (2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12)። ድሀው ሰው ከእርሷ በቀር ሀብት አልነበረውም፤ ከልጆቹ ጋር ያሳደጋት፣ ከማዕዱ ያካፈላት፣ እንደ ቤተ ሰብ የሚያያት ነበረች። ነቢዩ ስለ ተነጠቀ እርሻ ወይም ስለ ተዘረፈ ወርቅ መናገር ይችል ነበር። ነገር ግን የሚናገረው በልጅነቱ በግ ለጠበቀ ሰው ነውና የበጓን ታሪክ መረጠ፤ ንጉሡም ነገሩ በራሱ ላይ መሆኑን ሳያውቅ ተቆጣ።

ይህን ያነሣነው በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ አጥቢያዎች ጥጃ ወይም ግልገል የሞተበት ቤት ብዙ ጊዜ ጠያቂ ስለማያገኝ ነው። «ለሰው ቤዛ ይሁን» ተብሎ ይታለፋል። ምኞቱ መልካም ነው፤ ንግግሩን ግን እዚያው ይዘጋዋል። ያልተጠየቀ ኀዘን ደግሞ ባለበት አይቆይም። ሥጋው አይባክን ወደሚል ችኮላ፣ እረኛውን ልጅ ወደ መምታት፣ ጎረቤትን ወደ መጠርጠር ይሄዳል። የንስሐ አባቱና የሰበካ ጉባኤው ተወካይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ወደዚያ ቤት እንዲሄዱ የምንመክረውም ስለዚህ ነው።

በቆላው ጥጃ ከሰው ርቆ አያድርም። ጅብ ስለሚያሰጋ በቤቱ ጥግ ወይም በደጃፉ በረት ይታሰራል፤ ልጆች ሌሊት ትንፋሹን እየሰሙ ይተኛሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት በመተማ ውኃ አምጥቶ የሚያጠጣው፣ መዥገሩን የሚለቅምለት፣ ጥላ ሥር የሚያስረው በአብዛኛው ልጅ ነው። ጥጃዋ ወይም ግልገሏ በልጁ ስም የተሰጠች ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ መርሐ ግብር ከደጋ ለመጡና ከባዶ ለጀመሩ ቤተ ሰቦች አንዲት ጊደር የነገ ወተትና የነገ በሬ እናት ናት። አዲስ ቤት ለሠራ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» ብለን የምንመርቀው በከንቱ አይደለም።

በዚያ ግቢ የምታዝነው ሌላዋ እናቲቱ ላም ናት። ኀዘኗን በድምፅዋ ብቻ ሳይሆን በጡቷም ታሳያለች። የአገራችን ላሞች ጥጃቸውን ሳያሸቱና ሳይልሱ፣ ጥጃውም ትንሽ ሳይጠባ ወተት አያወርዱም። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ኦክሲቶሲን የሚባለው ወተት የሚያወርድ ንጥረ ነገር ከአንጎል የሚለቀቀው ላሟ ስትረጋጋና ጥጃዋን ስታውቅ ነው። ስትደነግጥ ወይም ስትጨነቅ ወተቱ ጡቷ ውስጥ እያለ ይቀራል፤ በዚያው ከቀጠለም ትነጥፋለች። ስለዚህ ጥጃው የሞተ ቀን የቤቱ ሕፃን ወተትም አብሮ ሊቆም ይችላል። ከብት አርቢዎች ለዚህ ያገኙት ብልሃት ጥንታዊ ነው፤ በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በሱዳንና በደቡብ ሱዳን አርቢዎች ዘንድም ይታወቃል። የሞተው ጥጃ ቆዳ ይገፈፍና በጭድ ይሞላል፤ ጨው ይነሰነስበትና ላሟ ፊት ይቀመጣል፤ እርሷም እየላሰች ትታለባለች። ይህን ያየ ሁሉ እንስሳ ኀዘን አያውቅም ለማለት ይቸግረዋል።

ነገር ግን ይህ ብልሃት አንድ አደጋ አለበት። ቆዳውን ለመግፈፍ በድኑን መክፈት ያስፈልጋል፤ የሞቱ ምክንያት አባ ሰንጋ ከሆነ ደግሞ በድኑን መክፈት ሰውን ለሞት ሊያበቃ ይችላል። የአባ ሰንጋ ተሕዋስ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ዘር ይሠራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያል። እንስሳው በድንገት ከሞተ፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር የማይረጋ ደም ከፈሰሰ፣ በድኑም እንደ ወትሮው ካልደረቀ ማንም ቢላዋ አያንሣበት። ምልክቱ ባይታይም ድንገተኛና ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሁሉ እንዲሁ ይቆጠር። ጥጃው በወሊድ ጊዜ ታፍኖ ወይም በሌላ ግልጽ አደጋ ሞቶ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ከፈቀደ ቆዳውን መጠቀም ይቻላል። ካልሆነ ላሟን በሌላ መንገድ ማባበል ነው፤ የለመደችው አላቢ ብቻ ይለባት፣ ጡቷ በለብ ያለ ውኃ እየታሸ ቀስ ተብሎ ይታለብ፣ በምትታለብበት ሰዓት የሰሊጥ ፋጉሎ ይቅረብላት። እናት የሞተችበት ጥጃ በአካባቢው ቢገኝ እርሱን ማስለመድም ይሞከራል። ፈጥኖ የሚሠራው ትዕግሥት ያለው ሰው ሲያልባት ነው።

በክት እንደማይበላ ምእመናን ያውቃሉ። ችግሩ ያለው ከመሞቱ በፊት ባለው ሰዓት ነው፤ የወደቀ እንስሳ «ሳይሞት እንድረስበት» ተብሎ ይታረዳል፤ ሥጋውም ለጎረቤት ይከፋፈላል። በአባ ሰንጋ ሰው የሚታመመው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለው ሥጋና ቆዳ ነው። ካህኑ እንዲህ ያለውን እርድ እንዲባርክ ሲጠየቅ እምቢ ማለቱ ነፍስ ማዳን ነው። በድኑ ከሽንፋ፣ ከጓንግም ሆነ ከየትኛውም ወንዝና ጉድጓድ ርቆ፣ 2 ሜትር ያህል በጥልቀት ተቆፍሮ፣ ኖራ ከተገኘ ተነስንሶበት ይቀበር፤ ጅብ እንዳያወጣውም ድንጋይና እሾህ ይደረግበት። ጉድጓዱን ለመቆፈር ከሰበካው ሁለት ጎልማሶችን መላክ ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል። በተለይ ቤቱ የመበለት ቤት ከሆነ።

ጥርጣሬን በተመለከተ ጥቂት ቆም ብለን ማየት ይገባናል። አባ ጎርባ የተባለው በሽታ በአብዛኛው የሚይዘው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለውን ከብት ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ በደንብ የበላውን፣ ጠጉሩ የሚያበራውን፣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያደንቀውን ይመርጣል። ጥጃው ጠዋት ያነክሳል፤ ጭኑ ወይም ትከሻው ያብጣል፤ እብጠቱ ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ከመንጋው የሚያምረው ተመርጦ ሲሞት ሰው የሚያስበው ዐይን ነው። ትናንት «ምን ያማረ ጥጃ ነው» ያለ ጎረቤት ቡዳ ይባላል። ከብዙ አካባቢ የመጡ ሰዎች፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ሰፋሪና ነባር አብረው በሚኖሩበት ቆላ ይህ ስም መንደርን ይከፍላል። በሽታው ለምን የሰባውን እንደሚመርጥ ከዐውደ ምሕረት ላይ በግልጽ ቢነገር ከብዙ ጠብ ያድናል። ጠበል እንዲረጭ ለሚጠይቅ ቤትም ይረጭ፤ ነገር ግን ጠበሉ ክትባቱን የሚያስቀር እንዳይመስል አብሮ ይነገር።

እረኛው ልጅ ደግሞ ተከሳሽም ሐዘንተኛም ነው። ማታ ጥጃውን አጥቶ ይገባል፤ ቤቱ ሲደርስ «የት ነበርህ?» የሚል ዱላ ይጠብቀዋል። ካህኑ ወደዚያ ቤት በሄደ ጊዜ በመጀመሪያ ይህን ልጅ ቢያነጋግረው እንወዳለን። ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ ለከብት አያለቅስም» አይባል። «በኃጢአትህ ነው» ፈጽሞ አይባል። ጥጃዬ ወዴት ሄደች ብሎ ቢጠይቅ መጻሕፍት ያልነገሩንን ተስፋ አንፈጥርለትም፤ ፍትሐትም ለሰው የሚደረግ ጸሎት ነው። ይልቁንም የሚያውቀውን እናስታውሰው። በየዓመቱ የሚጾመው የነነዌ ጾም ነው፤ በዚያች ከተማ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም ጾሞ ነበር፤ እግዚአብሔርም ለዮናስ ስለ ከተማይቱ ሲነግረው እንስሶቿን ከቍጥር አላስቀረም። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። መቃብሩ ሲቆፈር ልጁ ቆሞ ይይ፤ ከፈለገም ድንጋይ ያቀብል፤ በድኑን ግን አይንካ። የጥጃዋን ስም እየጠራ ስለ እርሷ ቢያወራ ይደመጥ።

ሌላ ጥጃ ወዲያው መስጠት ደግሞ ሁልጊዜ መልካም አይደለም። በሽታው በግቢው ካለ ሁለተኛውም ይሞታል፤ ልጁም ገና ልቡ አልተዘጋጀም። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሰበካው ከብት ያለውን ምእመን አነጋግሮ በርቢ ቢያስይዝለት ቤተ ሰቡ ሳይበደር ይተካል፤ ውሉ ግን በምስክር ፊት ይሁን። በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች የበሬ እድር የሚባል መረዳጃ አለ፤ አባላቱ ከብት ለተጎዳበት ሰው ያዋጣሉ። የሰው እድራችን ይህን ቢጨምር የሚከለክለው ነገር አይታየንም። እስከዚያው ግን ለቤቱ ሕፃን በየቀኑ አንድ ኩባያ ወተት ከጎረቤት ይሂድለት።

ሞት ሁሉ አይቀሬ አለመሆኑንም የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ በወደቁበት ዘመን ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሰሜን በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት ከሞላ ጎደል ጨርሶ ነበር፤ በሬ ያጣው ገበሬ በዶማ ቆፈረ፤ ዘመኑም ክፉ ቀን ተባለ። ያ በሽታ በክትባት ኃይል ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። ዛሬ ግልገሎችን የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታም ክትባት አለው፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ፍየል ቢያንስ ለ3 ዓመት ይጠበቃል። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባቶችም በቢሾፍቱ ይመረታሉ። በቆላው ጊዜው ከሰኔ ዝናብ በፊት ነው፤ ክረምት ሲገባ ከደጋ የሚወርደው ከብት ከቆላው ጋር በአንድ ግጦሽ ይገናኛልና። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚመጣበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ይነገር፤ ካህናትም የራሳቸውን ከብት ቀድመው ቢያስከትቡ ሌላው ይከተላል።

በመጨረሻም ስለ እንገር። እንገር የሚወድ ሰው ይህን ሲያነብ ደስ ላይለው ይችላል። አዲስ የተወለደ ጥጃ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው፤ ያንንም ወደ ደሙ ማስገባት የሚችለው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት። 20 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያው ቀን 2 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። እትብቱ በአዮዲን ይነከር፤ መሬቱ ደረቅ ይሁን። ለቤቱ የሚታለበው እንገር ጥጃው ጠግቦ ከተረፈው ይሁን።