የሕሙም ወገን ሀብትና የሞግዚት አደራ

ርብና ጉማራ ደለላቸውን ተሸክመው ወደ ጣና በሚወርዱበት በፎገራ ሜዳ፣ ሩዝ የወረታን ገበያ ካደመቀ ወዲህ የአንድ ማሳ ፍሬ የቤተ ሰብ ሲሳይ ስለ ሆነ፣ ባለ ማሳው አእምሮው በደዌ ቢታወክ ወይም በእርጅና ማስተዋል ቢሳነው፣ ሀብቱን ማን ይጠብቅለታል የሚለው ጥያቄ ከቤት ምክር አልፎ ከሕግ ደጃፍ ይደርሳል።

ልማዱ የታወቀ ነው፤ የበኩር ልጅ ወይም ወንድም በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል፣ ሩዙን አጭዶና ወቅቶ ይሸጣል፣ ዘመድም «የገዛ ደሙ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ብዙዎች ይህን በቅንነት ይፈጽማሉ፤ ሆኖም ሥልጣኑ ከዳኛ ያልመነጨ፣ ሒሳቡም በጽሑፍ ያልሰፈረ ጠባቂ፣ ቅን ቢሆን ቅንነቱን በምን ያስረዳል? ቢበድልስ በምን ይረታል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ሥርዓት ሠርቷል። ሕመምተኛው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሲያመለክት፣ ፍርድ ቤት ሁኔታውን መርምሮ ሰውየው ሀብቱን ራሱ እንዳያስተዳድር በፍርድ ሊከለክለውና ለአካሉ አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ሞግዚት ሊሾምለት ይችላል።

የሞግዚት የመጀመሪያ ተግባር ቈጠራ ነው፤ የመሬቱ የይዞታ ደብተር፣ በሬው፣ ላሟ ከነጥጃዋ፣ በጎተራ ያለው እህል፣ የሚሰበሰበውና የሚከፈለው ዕዳ ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል። ከዚያም ሀብቱን እንደ መልካም የቤተ ሰብ አባት ያስተዳድራል፤ ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም፣ የሕሙሙን ገንዘብ በስጦታ አይበትንም፣ ለራሱም አይገዛም፤ የራሱ ጥቅም ከሕሙሙ ጥቅም ጋር ሲጋጭ በዚያ ጉዳይ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። የገጠር መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፤ ስለዚህ በፎገራ ፈተናው ያለው በኪራይና በእኩል እርሻ ውል ላይ ነው። ኪራዩ ለስንት ዘመን እንደ ሆነ፣ ከምርቱም ለባለ ይዞታው የደረሰው ስንት ኩንታል እንደ ነበረ በጽሑፍ ሊገኝ ይገባል፤ ሞግዚት ሒሳብ አቅራቢ ነውና።

ክልከላውም ዘላለማዊ ማኅተም አይደለም፤ ምክንያቱ ሲወገድ ፍርድ ቤት ያነሣዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የሰውየው ፈቃድ እንዲከበርና በውሳኔው እንዲረዳ ያዛል። እንግዲህ የታመመ ወገናችሁን ማሳ የያዛችሁ ሁሉ፣ ከሚቀጥለው መኸር በፊት ወደ ፍርድ ቤት ሂዱና ሹመታችሁን በሕግ አጽኑ፤ ፍሬውንም አስቀድማችሁ ለሕሙሙ ምግብ፣ ልብስና ሕክምና አውሉ።