የቢ12 መርፌና የጨጓራው ክኒን

ከአዲስ አበባ የመጣ ሻንጣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ሲከፈት ከበርበሬው፣ ከሽሮውና ከበሶው ሥር አንዲት ትንሽ ካርቶን ብቅ ትላለች። ውስጧ እንደ ሮማን ፍሬ የቀላ ፈሳሽ የያዙ የመስታወት አምፑሎች ተደርድረዋል። «ልጄ፣ እስቲ ይህችን ውጊኝ፤ እግሬን ውርር እያደረገኝ ነው» ይላሉ እናት። ልጅቱ ነርስ ናት፤ ባትሆን እንኳ ነርስ የሆነች ጎረቤት አትጠፋም። ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ሳይፈላ ጉዳዩ ያልቃል።

በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳናም ሆነ በሳን ሆዜ፣ አበሻ ቡና ይዞ በተቀመጠበት ሁሉ ስለዚህ መርፌ የሚነሣው ክርክር ዓመታት አስቆጥሯል። አንዱ «ጉልበት ይሰጣል» ይላል። ሌላው «ቫይታሚን አይደል? ቢበዛ በሽንት ይወጣል» ይላል። ሦስተኛው ጥፋቱን ሁሉ በጾም ላይ ያላክካል። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ሦስቱም ግን አንድ ጥያቄ ይዘልላሉ፦ ቫይታሚኑ መጀመሪያውኑ ለምን ጎደለ?

በጾም እንጀምር። ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ እንጂ ከሽሮና ከጎመን አይገኝም። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንና ፍልሰታን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ሳይገድፍ የሚጾም ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ከእነዚህ ምግቦች ርቆ ይኖራል። ነገር ግን የአዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ ጉበትም ይህን ቫይታሚን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ያጠራቅማል። 55 ቀን የጾመ ጤነኛ ሰው በፋሲካ ሲፈስክ ጎተራው መልሶ መሙላት ይጀምራል። የሚያሰጋው ሲፈስክም የበላው ቢ12 ወደ ደም ሳይገባ የሚቀርበት ሰው ነው።

የጨጓራው ክኒን እዚህ ላይ ይመጣል።

ቢ12 ወደ ሆድ የሚገባው ከምግቡ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው። እንዲላቀቅ የጨጓራ አሲድ ያስፈልጋል። የኦሜፕራዞልና የመሰሎቹ የጨጓራ ክኒኖች ሥራ ደግሞ ያንኑ አሲድ መቀነስ ነው። ይህን በቁጥር ያሳየው ጥናት ከሩቅ አልመጣም። ኦክላንድ የነበረው የጤና ድርጅቱ የካይዘር ፐርማነንቴ የምርምር ክፍል የሰሜን ካሊፎርኒያ አባላቱን መዝገብ መርምሮ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዲሴምበር 2013 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። የቢ12 እጥረት የተገኘባቸው 25,956 ሰዎች እጥረቱ ከሌለባቸው 184,199 ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉትን ክኒኖች ለ2 ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱት እጥረቱ የሚገኝባቸው ዕድል ካልወሰዱት በ65 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በቀን ከአንድ ተኩል ክኒን በላይ በሚወስዱት ላይ ልዩነቱ 95 በመቶ ደረሰ። እንዲህ ያለ ጥናት መድኃኒቱ እጥረቱን አመጣው ብሎ አይምልም፤ መጠኑ ሲጨምር ልዩነቱም አብሮ መጨመሩ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ለአበሻ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያ ከኢትዮጵያውያን ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ በአገር ቤት የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ያሳያሉ። «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ዘመድ ማግኘት ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኦሜፕራዞል ከ2003 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ካርቶኑ ላይ ለ14 ቀን ብቻ እንዲወሰድ፣ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከ4 ወር በፊት እንዳይደገም ተጽፏል። ጽሑፉ ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ትንሽ ነው። ከኮስትኮ መደብር ከቲማቲሙና ከዘይቱ ጋር ጋሪ ውስጥ የገባው ካርቶን ሲያልቅ ሌላ ይገዛል፣ ዓመታትም ይቆጠራሉ። ያለ ማዘዣ ስለተገዛ ሰውየው ራሱ ካልተናገረ በስተቀር ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ አይታይም። ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ዝምታ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን ሲጨምርበት ነገሩ ይወሳሰባል። እሱም ቢ12ን ይቀንሳል፤ የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በጁን 2022 ለሐኪሞች ማሳሰቢያ ያወጣበት ጉዳይ ነው። የስኳር ሕመም ራሱ እግርን ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል፤ የቢ12 እጥረትም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱን በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም።

ታዲያ መርፌው ለምን ይቀድማል? ብዙዎቹ አበሾች ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ድሬሰርና መርፌ ወጊ ከሐኪም ቀድሞ ከሚደርስበት አገር ነው። ፔኒሲሊን ተወግቶ በማግሥቱ የተነሣ ሰው የትየለሌ ነው፤ ክኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ ሕመምተኛ ደግሞ ያልታከመ ያህል ይሰማዋል። ያ እምነት ከሕይወት ልምድ የመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ቢ12 ላይ ሲደርስ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከደም ምርመራ በፊት የተወጋ መርፌ የደሙን የቢ12 መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ ሐኪሙም «ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሰውነት ቢ12ን ከምግብ እንዳይቀበል የሚያደርገውን የደም ማነስ ዓይነት የሚለየው ምርመራም መርፌው በተወጋ ሰሞን ሊሳሳት ይችላል። ድካሙ የመጣው ከብረት ማነስ ወይም ከእንቅርት ዕጢ ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ወራት ያስበላል። እውነተኛው የቢ12 እጥረት ነርቭን ብቻ ሳይሆን የአከርካሪ ውስጥ ገመድንም ይጎዳል፤ ከቆየ የደነዘዘው እግር ሁሉ ተመልሶ አይድንም።

አምፑሉ ራሱም መታየት አለበት። ከአገር ቤት የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ የተቀላቀሉበት ነው። ስሙ በሰፊው የሚታወቀው ኒውሮቢዮን በአንድ አምፑል 100 ሚሊ ግራም ቢ6 ይይዛል። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 1.3 ሚሊ ግራም ነው። ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሲያዘው ሌላ ነገር ነው። በብዛት ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ቢ6 ግን የስሜት ነርቮችን ይጎዳል፤ ምልክቱም የእጅና የእግር መደንዘዝ ነው። አውሮፓውያን በ2023 ለአዋቂ የሚፈቀደውን የቀን ጣሪያ ወደ 12 ሚሊ ግራም ያወረዱት በዚሁ ምክንያት ነው። እግራቸውን ውርር ያደረጋቸው እናት መርፌው «አልበቃ ብሏል» ተብሎ ሲደጋገምላቸው ይህን የሚያስብ ሰው ቤት ውስጥ ላይኖር ይችላል። «ቢበዛ በሽንት ይወጣል» የሚለው ንግግር ለቢ6 አይሠራም።

ለብዙ ሰው መርፌው ራሱ አስፈላጊ ላይሆን ይችላል። 1,000 ማይክሮ ግራም ቢ12 ያለው ክኒን ሲዋጥ አሲድም ሆነ ሌላ አጋዥ ሳያስፈልገው 1 በመቶ ያህሉ በራሱ ያልፋል፤ ይኸውም 10 ማይክሮ ግራም ማለት ነው፣ ከቀኑ ፍላጎት አራት እጥፍ። ነርቩ የተጎዳ፣ የደም ማነሱ የጠና ወይም ክኒን በየቀኑ መዋጥ የማይችል ሰው ግን መርፌው ይገባዋል። ለእሱ መርፌውን የሚያዝ ሐኪም አለ፤ ቢ12 በመርፌ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው በማዘዣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀዳበት ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ ይጣላል፤ የአንድ ጊዜው ደግሞ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው። ሥፍራውን የማያውቅ እጅ ቂጥ ላይ ሲወጋ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊመታ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሚወጋው አስቀድሞ መናገር አለበት።

መርፌ መጋራትማ ጨርሶ አይታሰብም። በ2014 መጨረሻ ካምቦዲያ ውስጥ ሮካ በተባለ መንደር ፈቃድ የሌለው አካሚ በወጋቸው መርፌ ከ200 በላይ ሰዎች ኤች አይ ቪ ተገኝቶባቸዋል። የተጠቀሙበትን መርፌ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣልም ካሊፎርኒያ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ በማይበሳ መያዣ ተደርጎ ወደ መሰብሰቢያ ቦታ መወሰድ አለበት።

ኦሜፕራዞልን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ ሰው ክኒኑ የግድ ያስፈልገው ይሆናል። የሚሻለው ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ሆነ ከአገር ቤት የመጣውን አምፑል፣ በአንድ ፌስታል ይዞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነው። የጤና መድን ያለው ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው፤ በስልክም ቢሆን የአማርኛ ተናጋሪ ይገናኛል። «ይህን የጨጓራ ክኒን 4 ዓመት ሙሉ ስወስድ ኖሬአለሁ» የሚለው ቃል መዝገቡ ላይ ከሰፈረ ሐኪሙ የሚያዘው የደም ምርመራ ይለወጣል።