ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፦ የትኛው ለምን ይሆናል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ለደም ግፊትና ለስኳር ብቻ ሳይሆን ለስልኩም እኔ ዘንድ ይመጣል። «ሲስተር፣ ልጆቹ አንድ ነገር ጫኑልኝ፤ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ሁሉንም ሶሻል ሚዲያ እያልን በአንድ ስም ብንጠራቸውም ጠባያቸው ለየቅል ነው፤ ጉዳታቸውም እንዲሁ።

ባሕር ማዶ ካለ ልጅ ጋር ለመነጋገር ዋትስአፕን የሚያህል አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱም ጥሪውም በተነጋጋሪዎቹ መካከል የተቆለፈ ነው፤ ኩባንያው ራሱ ከፍቶ አያነበውም። (ዱባይ ልጅ ያላችሁ በዋትስአፕ መደወል እንደሚያስቸግር ታውቁታላችሁ፤ ቦቲም የተለመደው ለዚያ ነው።) ደግሞም ከሰው ወደ ሰው ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት ላይ ድርብ ቀስት ያደርግበታል። የመድኃኒት ወሬ ከድርብ ቀስት ጋር ሲመጣልኝ ሳላነበው አጠፋዋለሁ።

በቴሌግራም የዕድሩም፣ የትምህርት ቤቱም ግሩፕ አለ። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ነገር ግን ተራው የቴሌግራም መልእክት እንደ ዋትስአፕ ከዳር እስከ ዳር የተቆለፈ አይደለም፤ «ሲክሬት ቻት» የሚለውን ከፍታችሁ ካልተጻጻፋችሁ በቀር በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። የፓስፖርት ፎቶና የላቦራቶሪ ውጤት በዚያ ባይላክ ይሻላል።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ነው፤ የጠፋ ዘመድና የድሮ የክፍል ጓደኛ ለመፈለግ የሚወዳደረው የለም። እዚህ ላይ በእኛ በአያቶች ቅሬታ አለኝ። የልጅ ልጃችንን ዩኒፎርም እንደለበሰ ፎቶ አንስተን፣ የትምህርት ቤቱን ስም ጽፈን «ፐብሊክ» ላይ እንለጥፈዋለን። ይህን የማያውቀን ሰው ሁሉ ያየዋል። «ፍሬንድስ» የሚለውን መምረጥ አንድ ንክኪ ነው።

ቲክቶክ ከሁሉም ይለያል። የሚያሳያችሁ የምታውቁት ሰው የለጠፈውን ሳይሆን ዓይናችሁ የቆየበትን ዓይነት ነው። አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካያችሁ መሰሉ ይከተላል። ጎረቤቴ፣ በእድሜ የሚበልጡኝ እናት፣ ስለ ሽፈራው ቅጠል አንድ አዩ፤ በሳምንቱ ስልካቸው «የግፊት ክኒን ኩላሊት ይጨርሳል» በሚሉ ሰዎች ተሞላ። ክኒኑን አቆሙ። «ምንም አላመመኝም እኮ» ሲሉኝ ለካሁላቸው፤ 190 በ110 ነበር። የደም ግፊት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ቆይቶ በስትሮክ ይገለጣል። ኩላሊትን የሚጎዳውም ሳይታከም የቀረው ግፊት ነው። ያን ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ክኒናቸውን ቀጠሉ። ሽፈራውን ማን ከለከላቸው? የተጣሉት ከክኒኑ ጋር መሆኑ ነው እንጂ። ስልካቸው ላይ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ጫን ብለን ይዘን «ኖት ኢንተረስትድ» የሚለውን እየነካን አሳነስነው።

ለልጆች ቲክቶክ አጥር አለው። ከ13 ዓመት በታች አይፈቀድም፤ ከ16 በታች የሆነ ልጅ አካውንቱ ሲከፈት ዝግ ነው፣ የግል መልእክትም አይቀበልም። «ፋሚሊ ፔሪንግ» በሚባለው የወላጅና የልጅ ስልክ ተያይዞ የሰዓት ገደብ ይደረጋል። ችግሩ፣ አጥሩ የሚቆመው ልጁ በሞላው የልደት ዓመት ላይ ነው። የ11 ዓመት ልጅ 20 ነኝ ብሎ ከሞላ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን «ስንት ዓመተ ምሕረት ብለህ ነው የሞላኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። በቁጣ አይሁን፤ ከተቆጣችሁ እውነቱን አይነግሯችሁም።

በሁሉም ላይ አንድ የማይለወጥ ነገር አለ። በስልካችሁ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገርም። «በስህተት አንቺ ጋ ተልኮብኝ ነው፣ ላኪልኝ» የሚለው መልእክት ከእህታችሁ ስም ቢመጣም እንኳ፣ የእርሷ አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ደውላችሁ ድምጿን ስሙ። ከዚያም ልጆቹን «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አድርጉልን በሏቸው፤ የምትመርጡትን የይለፍ ቁጥር ግን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ።