ክረምት ሳይገባ ጣሪያችንን እንመልከት

ሌሊት ዝናብ ሲጥል ከእንቅልፋችሁ ነቅታችሁ ሳፋና ባልዲ ፍለጋ ተነሥታችሁ ታውቃላችሁን? በከሚሴ ከተማ የምትኖር አንዲት ሠራተኛ እናት ይህን ጥያቄ ስናቀርብላት ፈገግ አለችና፣ «እኛ ቤት እኮ የዝናቡን ብርታት የምናውቀው በሳፋው ድምፅ ነበር» አለችን።

ፈገግታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ባለፈው ሰኔ አንድ ሌሊት ከጣሪያው የወረደው ውኃ ያረፈው በሴት ልጇ የደብተር ቦርሳ ላይ ነበር። ልጅቱ ደግሞ የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። እናት፣ «አብሽሪ፣ ይደርቃል» ብላ አጽናናቻት። ደብተሩ በእርግጥ ደረቀ፤ ተጨማልቆ የጠፋው ጽሑፍ ግን አልተመለሰም። ኋላ ሠራተኛ ተጠርቶ ጣሪያው ላይ ሲወጣ ያገኘው ቀዳዳ ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል ጉዳት የሚያደርስ ትንሽ ቀዳዳ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1829 ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የፈለሰፈው ሸንተረራማ ቆርቆሮ ዛሬ የአብዛኛው ከተሜ ቤት ክዳን ነው። ቆርቆሮው ዚንክ የተቀባ ብረት ሲሆን፣ ዚንኩ ራሱ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። ዚንኩ ሲያልቅ ወይም ሲፋቅ ዝገት ይጀምራል። ከዚህም ሌላ የቦርከና ሸለቆ ሞቃት ነው። በከሚሴ ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። ይህ ሲደጋገም ምስማሩ ይላላል፤ ከሥሩ ያለው ጎማም ደርቆ ይሰነጠቃል። ብዙው ፍሳሽ የሚጀምረው ከዚሁ ከምስማሩ ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳውን መፈለግ ለእናንተ የሚያስቸግር ሥራ አይደለም። ኮርኒስ በሌለው ቤት ፀሐይ በደመቀችበት ሰዓት በርና መስኮት ዘግታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ብርሃን እንደ ኮከብ ብልጭ የሚልበት ቦታ ቀዳዳው እርሱ ነው። ላይ የሚወጣው ሠራተኛ በቀላሉ እንዲያየው ቀጭን ሽቦ አሾልኩበት። ኮርኒስ ካለ ግን የረጠበውን ምልክት ብቻ አትመኑ። ውኃ እንጨቱን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ጠብታው ከወደቀበት ራቅ ብሎ በቁልቁለቱ ወደ ላይ ይፈለጋል። በዚያች እናት ቤትም ቀዳዳው የተገኘው ከቦርሳው አናት ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ነው።

ጥገናውን በተመለከተ የመጀመሪያው ደንብ ንጽሕና ነው። በአቧራና በዝገት ላይ የተለጠፈ ነገር አይቆይም። ቦታው በሽቦ ብሩሽ ይፈግፈግ፣ በጨርቅ ይጠረግ፣ ፈጽሞም ይድረቅ። የመርፌ ቀዳዳ ለምታህል ለውጭ ሥራ የሚሆን ሲሊኮን ይበቃታል። ከዚያ ለምትሰፋው ቦታው ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባና ሲደርቅ ካትራሜ ይደረግበታል። በላዩ ስስ ጨርቅ ተለጥፎ እንደገና ካትራሜ ይደገማል። ቀዳዳው ጣት የሚያሾልክ ከሆነ ደግሞ ከዙሪያው በደንብ የሚተርፍ የቆርቆሮ ቁራጭ እንደ ሸንተረሩ ታጥፎ፣ ከሥሩ ማጣበቂያ ተደርጎበት ይመታል። የላላ ምስማር ተነቅሎ ወፈር ባለና አዲስ ጎማ ባለው ይተካል። ምስማር የሚመታው በሸንተረሩ ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አለመሆኑን ተቆጣጠሩ።

አንዳንዶች ቀዳዳውን በሲሚንቶ ይደፍኑታል። ቆርቆሮው ሲለጠጥ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይለጠጥ ተሰንጥቆ ይወድቃል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ቆርቆሮው እንደ ወንፊት በዝገት ከተበሳሳ ግን በየጊዜው ከመለጣጠፍ ያንኑ አንዱን ቅጠል መለወጥ ይሻላል።

ለጥንቃቄ ያህል፣ በረጠበ ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ። «ቀላል ነው» ተብሎ ልጅ አይላክ። የሚወጣው ሰው ከሥሩ እንጨት ባለበት በምስማሮቹ መስመር ላይ ይርገጥ፤ መሰላሉን የሚይዝለትም ሰው ይኑር። ውኃ በአምፖል ወይም በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ከወረደ ከሁሉ አስቀድሞ ማብሪያውን ሳትነኩ ዋናውን መብራት ከቆጣሪው አጥፉ።

ሥራው የግድ በእጃችን ይሠራ ማለታችን አይደለም። ሆኖም የረጠበውን ፍራሽ የምታሰጣው፣ የሻገተውን የማሽላ ጆንያ የምታራግፈው፣ በእርጥበት የሚያስለውን ሕፃን ታቅፋ የምታድረው እናት ናት። ስለዚህ ጣሪያው ምን እንደሚያስፈልገው አውቃ ሠራተኛውን «ይህን አጽዳ፣ ያንን ለውጥ» ብትል ገንዘቧም አይባክንም፤ ሥራውም በአንድ ክረምት አይፈርስም። የኪራይ ቤት ከሆነም ቀዳዳውን ለአከራዩ በቀን ብርሃን ማሳየት በዝናብ ሌሊት ከመማረር ይሻላል።

የበልጉ ዝናብ አልፎ የክረምቱ እስኪገባ ያለው የግንቦት ፀሐይ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህለውን ቀዳዳ ዛሬ እንድፈናት። ያች የከሚሴ እናት አሁን ሳፋዋን ለልብስ ማጠቢያ ብቻ ትጠቀምበታለች፤ የልጅቷም ቦርሳ በቦታው ተንጠልጥሎ ያድራል። ለእናንተም እንዲሁ ይሁንላችሁ። መልካም ክረምት!