ስለ ኢንተርኔት መንገዶችና ስለ ጎረቤት ምስክርነት

በዓለም ዙሪያ የተዘረጋው የኢንተርኔት መረብ አንድ ባለቤትና አንድ አዛዥ ያለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠሩ፥ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሕግ የሚተዳደሩ ኔትወርኮች፥ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በገቡት ውል ብቻ ተያይዘው የቆሙ መሆናቸው ነው። ውሉ ሲላላ ወይም ከተዋዋዮቹ አንዱ ሲሳሳት በሕዝብ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመረዳት የሜልበርን ከተማን ያህል ታማኝ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

አውስትራሊያ ከዓለሙ ኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በዚህችው ከተማ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1989 የሜልበርን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ኤልዝ፥ በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ካለ ባለሙያ ጋር ተባብሮ፥ በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ብቻ በሚያስተላልፍ የሳተላይት መስመር ግንኙነቱን ፈጸመ። በዚያው ወር በአሜሪካ፥ ያኮቭ ሬክተርና ከርክ ሎሂድ የተባሉ መሐንዲሶች በምግብ ሰዓት በአፍ መጥረጊያ ወረቀት ላይ የነደፉት ቢ.ጂ.ፒ. የተባለው ሥርዐት ታትሞ ወጣ። ሥርዐቱ እጅግ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ኔትወርክ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ብሎ ለጎረቤቱ ያሳውቃል፤ ጎረቤቱም የሰማውን ተቀብሎ፥ የራሱን መለያ ቍጥር ጨምሮ፥ ለሚቀጥለው ያሰማል፤ ቃሉም በስማ በለው ከአህጉር ወደ አህጉር ይደርሳል። ተናጋሪው እውነቱን ነው ወይ ብሎ የሚመረምር አንቀጽ ግን በሥርዐቱ ውስጥ አልተጻፈም፤ በዚያ ዘመን መረቡን ያቀኑት ሊቃውንት ጥቂቶችና እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ስለ ነበሩ፥ መተማመኑ ይበቃል ተብሎ ነበር።

ኋላ ነጋዴ ሲገባበት ጉርብትናው በሁለት ተከፈለ። አንዱ ፒሪንግ የሚባለው ነው፤ ሁለት ኔትወርኮች የየደንበኞቻቸውን መልእክት ያለ ክፍያ ይለዋወጣሉ። ሁለተኛው ትራንዚት ነው፤ ታናሹ ለታላቁ እየከፈለ በእርሱ በኩል ወደ ዓለም ይወጣል። ታናሹን ከታላቁ የሚለየው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በአውስትራሊያ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ የአገሪቱ ታላቁ የቴሌኮም ኩባንያ ቴልስትራ፥ ተፎካካሪዎቹ ለሚቀበሉት መልእክት ክፍያ እየጠየቀ፥ እርሱ ከእነርሱ ለሚቀበለው ግን አልከፍልም በማለቱ፥ የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ሕግ ጥሰሃል የሚል ማስታወቂያ አወጣበት። ቴልስትራም ከተፎካካሪዎቹ ከኦፕተስ፥ ከኦዝኢሜልና ከኮኔክት ጋር በእኩልነት ተዋዋለ፤ ነገር ግን በሩ ለእነዚህ ከተከፈተ በኋላ ለሌሎቹ ስላልተከፈተ፥ የቀሩት ከአራቱ አገልግሎቱን መግዛት ግድ ሆነባቸው። ክላውድፌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ንጽጽር፥ በአውሮፓ በ10 ዶላር የሚገዛው የትራንዚት መጠን በአውስትራሊያ 200 ዶላር ያወጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ወጪ ለማቃለል ትንንሾቹ ኩባንያዎች በአንድ ሕንፃ ውስጥ መስመራቸውን አገናኝተው የሚለዋወጡባቸውን የኢንተርኔት መለዋወጫዎች በፐርዝ፥ በብሪስቤንና በሜልበርን አቋቋሙ፤ ይህ በእኔ አስተያየት ከአንድ የመንግሥት ማስታወቂያ ይልቅ ሕዝቡን የጠቀመ ሥራ ነው።

ከዋጋው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የእምነቱ ነገር ነው። ዶዶ የሚባል፥ መሥሪያ ቤቱ በሜልበርን የሆነ አነስተኛ አገልግሎት ሰጪ ከቴልስትራ ትራንዚት ይገዛ ነበር፤ ከሌሎችም ጎረቤቶች ጋር የተገናኘ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012 ከቀትር በኋላ፥ ዶዶ ከሌላው ጎረቤቱ የሰማቸውን የዓለም መንገዶች ሁሉ፥ ያን ጊዜ ወደ 400 ሺሕ የሚጠጉትን፥ በእኔ በኩል ናቸው ብሎ በስሕተት ለቴልስትራ አስታወቀ። ራውተሮች የሚባሉት የመልእክትን መንገድ የሚመርጡ መሣሪያዎች በተለመደው ሥርዐት ከደንበኛ የመጣን መንገድ ከሌላው ሁሉ ያስቀድማሉ፤ ደንበኛ ይከፍላልና። ስለ ሆነም የአገሪቱ ታላቁ ኩባንያ ወደ ውጭ የሚሄደውን መልእክት ሁሉ ሰፊውን አውራ ጎዳና ትቶ በዚያች ጠባብ መስመር አጎረፈው፤ መስመሯም ስላልቻለችው ሚሊዮኖች ከግማሽ ሰዓት በላይ ከኢንተርኔት ተለዩ። ብዙዎች ጥፋቱን በዶዶ ላይ ጫኑ። እኔ ግን የሚበዛው በደል በሰሚው ላይ ነው እላለሁ፤ ሻጭ ደንበኛው ስንት አድራሻ እንዳለው በመዝገቡ ያውቃልና፥ ጥቂት አድራሻ ያለው ደንበኛ ዓለምን ሁሉ ይዣለሁ ሲል ወሰን አበጅቶ ሊመልሰው በተገባ ነበር።

ወሰን ማበጀትም ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ያስተማረው የኦፕተስ መከራ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2023፥ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፥ ኩባንያው እንደ ገለጸው ከአንድ ዓለም አቀፍ ጎረቤት ኔትወርክ በሶፍትዌር እድሳት ምክንያት የተለወጠ የመንገድ መረጃ ጎረፈ፤ 90 ያህል ራውተሮች መረጃው ከተወሰነላቸው ልክ ማለፉን አይተው፥ ራሳቸውን ለማዳን ሲሉ ከመረቡ ተገነጠሉ። ራውተሮቹን ከሩቅ ማዘዝ ስላልተቻለ ባለሙያዎች በየቦታው እየሄዱ በእጃቸው መቀስቀስ ነበረባቸው፤ አገልግሎቱ እስኪመለስ 14 ሰዓት ያህል ፈጀ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያለ ስልክ ዋሉ፤ በሜልበርን የባቡር ነጂዎችና የመቆጣጠሪያው ክፍል የሚነጋገሩበት መስመር ስለ ተቋረጠ፥ ባቡሮቹ ገና ሳይነጋ ለጊዜው ቆሙ። ከሁሉ የሚከፋው፥ 2,145 ሰዎች ወደ ድንገተኛ አደጋ ጥሪ 000 ደውለው መልስ አለማግኘታቸው ነው፤ ከኩባንያው የሞባይል ማማዎች አንዳንዶቹ መረቡ ሲሞት ጨረራቸውን ስላላቋረጡ፥ ስልኮቹ የሌላ ኩባንያ ማማ መፈለጋቸውን ትተው በሞተው ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በዚያው ወር ሥራዋን ለቀቀች፤ ኩባንያውም ከ12 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ቅጣት ከፈለ።

ይህን ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ የማቀርበው፥ አገራችን አሁን ሜልበርን ከዓመታት በፊት በቆመችበት ደጃፍ ላይ ስለ ቆመች ነው። ለረጅም ዘመን አንድ ኩባንያ ብቻ ነበረን፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ሳፋሪኮም አገልግሎቱን ሲጀምር ግን ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ጉርብትና ተፈጠረ። ባሕር የሌለን በመሆናችን ወደ ዓለም የምንወጣው በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤት አገሮች መሬት ነው፤ ከሜልበርኑ የፉትስክሬይ ሰፈር ወደ አዲስ አበባ የሚደውል የእናት ልጅ ድምፅም በዚያው ያልፋል። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ መልእክት በሰው አገር ዞሮ እንዳይመጣ፥ ኩባንያዎቹ በገዛ ከተማቸው ያለ ክፍያ ይለዋወጡ፤ አድራሻቸውን አር.ፒ.ኬ.አይ. በሚባለው የምስክር ወረቀት ያጽኑ፤ ከጎረቤት የሚመጣውን ቃል ሁሉ ያጣሩ፤ ራውተሮቻቸውን መረቡ ሲወድቅ የሚያዙበት የተለየ መስመርም ይዘርጉ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይህን በፈቃዱ ውል ውስጥ ያስገባ፤ መፈጸሙንም በየዓመቱ እየፈተነ ውጤቱን ለሕዝብ ያሳውቅ።