ራውተሩን ከመንቀል በፊት

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ወይም ሲጠፋ በአብዛኛው ቤት የሚወሰደው እርምጃ አንድ ነው፦ ራውተሩን ከሶኬት ነቅሎ፣ ጥቂት ቆይቶ መልሶ መሰካት። ለአገልግሎት ሰጪው ቢደወልም በቅድሚያ የሚታዘዘው ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ስለሚሠራ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። በጥገና ሙያ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ ግን የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። አንድ መስመር በዋይፋይ ለቤተሰብ፣ ለተከራይና ለእንግዳ በሚከፋፈልበት ቤት ራውተሩን መንቀል በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ መምጣት የለበትም። መንቀሉ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ አብሮት በሚጠፋው ማስረጃ ላይ ነው። ብልሽቱ ዓይን ላይ ባለባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የት እንዳለ ካልተለየ፣ ራውተሩ ተነሥቶ ሁሉም ነገር ሲስተካከል የሚመረመር ነገር አይቀርም። ብልሽቱ ግን በማግስቱ ማታ ይመለሳል።

መንቀል ለምን እንደሚሠራ ቢታይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ራውተር በቤቱ ያሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የከፈቱትን እያንዳንዱን ግንኙነት መዝግቦ ይይዛል። በርካሽ ራውተር ላይ ይህ መዝገብ ጠባብ ነው፤ ሲሞላ የተጀመረው ቪዲዮ መጫወቱን ይቀጥላል፣ አዲስ ገጽ ግን አልከፈት ይላል። ሲነቀል መዝገቡ ባዶ ስለሚሆን ሁሉም ይከፈታል። ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የነበረው ግንኙነት ተበላሽቶ ከሆነም ሲነሣ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ይህ ፈጽሞ ሌላ በሽታ ነው። ብዙ ራውተሮች ደግሞ የሚሠሩበትን የሬዲዮ ቻናል የሚመርጡት ሲነሡ ስለሆነ፣ በጎረቤት ዋይፋይ ከተጨናነቀ ቻናል ወጥተው ሰላም ወዳለበት ሊገቡ ይችላሉ። ይህም ሌላ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው አራተኛው ነው፦ ራውተሩ ሲጠፋ በቤቱ ያለው ሁሉ ይቋረጣል፣ አንዱ ስልክ ሲልከው የነበረው የፎቶ ባክአፕም ይቆማል፣ እስኪቀጥል ድረስ መስመሩ ነፃ ይሆናል። አራት የተለያዩ ምክንያቶች፣ አራት የተለያዩ መድኃኒቶች የሚያስፈልጓቸው፣ በአንድ መንቀል ለጊዜው ጸጥ ይላሉ። ነቅሎ የሰካው ሰው ከአራቱ የትኛው እንደነበረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ አስቀድሞ መለየት ያለበት መንገዱ ነው። ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ያለው አየር አንድ ክፍል ነው። ከራውተሩ እስከ አገልግሎት ሰጪው የሚዘረጋው የመዳብ ሽቦ፣ ፋይበር ወይም የሞባይል ማማ ግንኙነት ሌላ ክፍል ነው። በስክሪኑ ጥግ የሚታዩት የዋይፋይ መስመሮች የሚናገሩት ስለ መጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ወደ ቤቱ የሚገባው ኬብል ቢነቀል እንኳን፣ ራውተሩ አጠገብ ያለ ላፕቶፕ ሲግናሉን ሙሉ አድርጎ ያሳያል። «ዋይፋይ ይዟል ግን አይከፍትም» የሚለው የተለመደ አቤቱታ ራሱ ግማሽ ምርመራ ነው፤ አየሩ ደህና ሊሆን እንደሚችልና ጥፋቱን ከራውተሩ ወዲያ መፈለግ እንደሚያሻ ይጠቁማል።

መለያው ቀላል ነው፤ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይወስድም። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ተከፍቶ «አይፒ ኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ የራውተሩን አድራሻ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ የያዘው አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ አገልግሎት ሰጪው መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው። አድራሻው ደህና ከሆነ በመጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ከውጭ ያለ የታወቀ አድራሻን፣ ለምሳሌ የጉግልን 8.8.8.8 ፒንግ ማድረግ፣ ማለትም አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚወስደውን ጊዜ ማየት ነው። ጤነኛ ዋይፋይ ለራውተሩ ፒንግ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ መልስ ያመጣል። ቁጥሩ ወደ መቶዎች እየዘለለ ከሄደ ወይም መልሱ እየጠፋ ከሆነ ጥፋቱ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ አየሩ ላይ ነው። ራውተሩ በደንብ እየመለሰ የውጩ ከዘገየ ጥፋቱ ከራውተሩ ወዲያ ነው። የውጩ መልስ ምን ያህል ሚሊሰከንድ መውሰድ እንዳለበት እንደየመስመሩ ስለሚለያይ፣ ደህና በሆነ ሰዓት ለክቶ ማስታወሻ ላይ ማስፈር ይበጃል። ሁለቱም በደንብ እየመለሱ ገጽ ብቻ አልከፈት ካለ የሚጠረጠረው የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት ነው፤ እሱን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አየሩ ላይ ከሆነ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ቤቱ ራሱ ይናገራል። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይረባበሹት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ደግሞ ከሦስት የሚበልጡ ጎረቤቶች አሉ። የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል፤ በውኃ የተሞላ ሮቶ ይውጠዋል። ራውተሩ ዋናው ቤት ሳሎን ቴሌቪዥኑ ኋላ ተደብቆ ሰርቪስ ቤት ያለው ኮምፒውተር ቢያማርር ሊገርም አይገባም። ብዙም የማይታወቀው፣ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 በጽሑፍ ያሳየው ነገር ደግሞ አለ፦ የዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስኮችና ኬብሎች በዚሁ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ ይፈጥራሉ። ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ኋላ የተሰካች ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ከሃርድ ዲስኩ ጎን ከሆነች በአጭር ማራዘሚያ ኬብል ራቅ ማድረግ ብቻ ሊበቃ ይችላል። አየር የጋራ መሆኑም መረሳት የለበትም። በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። በሰከንድ 6 ሜጋቢት ብቻ ማስተላለፍ የቻለ ሩቅ ያለ ስልክ፣ በ60 ሜጋቢት ከሚያስተላልፈው ቅርብ ያለ ኮምፒውተር ጋር ሲነጻጸር ያንኑ መረጃ ለመላክ አየሩን ወደ 10 እጥፍ ለሚጠጋ ጊዜ ይይዘዋል። የአንዱ ደካማ ሲግናል የሁሉም ችግር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥፋቱ ከራውተሩ ወዲያ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ነው በጋራ መስመር ላይ ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው። መስመሩ ራሱ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ወረፋ በዝቶበት ሊሆንም ይችላል። ሁለቱ ከኮምፒውተሩ ፊት ለተቀመጠ ሰው አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው ፈተና የቤቱን ሰው ሁሉ ለሁለት ደቂቃ ዋይፋይ አጥፉልኝ ብሎ የውጩን ፒንግ ማየት ነው። መዘግየቱ ወዲያው ከወረደ ወረፋ ነበር። ካልወረደ መስመሩ ነው፣ ወይም ከመስመሩ ወዲያ ያለው ነው።

ወረፋው ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ሰዎች ከሚጠረጥሩት በኩል አይደለም። ሁሉም የሚያስበው ማን ፊልም እያወረደ ነው ብሎ ነው። በመዳብ ሽቦ በሚመጣ ኤዲኤስኤል ላይ ግን ወደ ውጭ የሚላክበት መንገድ ከሚወርድበት እጅግ የጠበበ ነው፤ የሚወርደውም መድረሱን የሚገልጽ ትንንሽ መልስ በዚያው በጠባቡ በኩል ካልተላከ አይቀጥልም። አንድ ስልክ የሰርግ ፎቶ ባክአፕ ማድረግ ሲጀምር መላኪያው ይሞላል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ለድግስ ከሚገዛው ሰው ኋላ አንድ ዳቦ ብቻ የሚፈልገው እንደሚቆመው፣ የሌላው ሰው አጭር መልእክት ከዚያ ሁሉ ፎቶ ኋላ ይቆማል። ስሌቱ ቀላል ነው። መላኪያው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነና ሞደሙ 256 ኪሎባይት አከማችቶ የሚያቆይ ከሆነ፣ ይህ ክምችት ወጥቶ እስኪያልቅ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለቪዲዮ ጥሪ 2 ሰከንድ ማለት የተቋረጠ ጥሪ ማለት ነው። ጂም ጌቲስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ ከቤቱ መስመር ላይ ለክቶ፣ ጥፋቱ ከመጠን በላይ በሚያከማቹ መሣሪያዎች ላይ መሆኑን ለሙያው ዓለም አሳወቀ። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 የወረፋ ማስተናገጃ ዘዴ አቀረቡ፤ በ2018 ደግሞ ከዚያ የተወለደው የተሻሻለ አሠራር በይፋዊ የኢንተርኔት ሰነድ ወጣ። በየቤቱ ያሉ ብዙ ርካሽ ራውተሮች ግን ይህ የላቸውም። ስለዚህ ባክአፕን ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት እንዲሆን ማድረግ፣ በዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን እንደ ተቆጣሪ ማስመዝገብ፣ ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነም የመላኪያውን ጣሪያ ከመስመሩ ትክክለኛ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርጎ መወሰን ያስፈልጋል። የመጨረሻው ፍጥነት የሚቀንስ ይመስላል፤ ነገር ግን ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ሳይሆን ራውተሩ በሚቆጣጠረው ቦታ እንዲሆን ስለሚያደርግ መዘግየቱን ይቀንሳል።

ይህን አጥብቄ የምለው ማስረጃ የሌለበት ግቢ ውስጥ የሚከተለውን ስለማውቅ ነው። አከራይ ተከራይን፣ ታላቅ ታናሽን ይወነጅላል። ፓስወርድ ይቀየራል፤ ወር እየቆጠረ ድርሻውን የሚከፍል ሰው ከመስመሩ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ምናልባት በወቃሹ በራሱ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ፎቶ እየላከ ሳለ ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ያሳያሉ፤ አንዳንዶቹ ማን ምን ያህል እየተጠቀመ እንዳለም ይናገራሉ። ራውተሩ ሲነቀል ይህም ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል። ሰው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት ይህን ማየት ለጎረቤት የሚገባ አክብሮት ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮምፒውተሩ ብቻውን ታሞ ስልኮቹ ሁሉ ደህና ከሆኑስ? ያኔ ራውተሩን መንቀል ጤነኞቹን ማቋረጥ ብቻ ይሆናል። በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ቀኑ ነው። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ካለቀ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ አንድ ሰው በኮምፒውተሩ የፈረንጅ ካሌንደር ላይ የእኛን ዓመተ ምሕረት ሲሞላ ኮምፒውተሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ኋላ ይቀራል። የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ኮምፒውተሩ ሰርተፍኬቱን ገና ያልጸና አድርጎ ቆጥሮ ገጹን አልከፍትም ይላል። ፒንጉ ግን ንጹሕ ነው። ይህን ችግር የትኛውም መንቀልና መሰካት አይፈታውም።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው ተቃውሞ ይታወቀኛል። የቤት እመቤት ወይም ተማሪ ኮማንድ ፕሮምፕት ውስጥ ለምን ይገባል፣ መንቀል እኮ ይሠራል ይባላል። እውነት ነው፣ በዓመት አንዴ ለሚያጋጥም መቋረጥ መርማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ነቅሎ መሰካት ይበቃል። የእኔ ክርክር የሚመለከተው የሚመላለሰውን ችግር ነው። በየሳምንቱ ለሚነቀል ራውተር ሁለት ደቂቃ መስጠት የሰውን ጊዜ ማባከን ሳይሆን ማትረፍ ነው፤ ሁለት ቁጥር ማንበብ ደግሞ የመብራት ቆጣሪ ከማንበብ አይከብድም። ስፒድ ቴስት አይበቃም ወይ የሚሉም አሉ። አይበቃም፤ አየሩን፣ መስመሩንና የቤቱን ሰው አጠቃቀም በአንድ ቁጥር ጨፍልቆ ስለሚያወጣ ዝቅተኛ ውጤት የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ አይናገርም። ከዚህም ሌላ፣ በሚለካበት ጊዜ መስመሩን ራሱ ይሞላዋል። (ውጤቱ በሜጋቢት እንጂ በሜጋባይት እንዳልሆነም ልብ ይባል፤ 4 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው።) ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት ይሻላል የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። ጥፋቱ መስመሩ ለቤቱ ሰው አልበቃ ማለቱ ከሆነ ትክክለኛው መድኃኒት እሱ ነው። ጥፋቱ ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ግን በየወሩ የሚጨምረው ሂሳብ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከመክፈል በፊት የተወሰደው ልኬት ነው።

መስመሩ ራሱ ታሞ ሲገኝ ደግሞ ለአገልግሎት ሰጪው የሚነገረው ይለወጣል። «ኢንተርኔት የለም» ለሚል ሰው መልሱ ነቅለህ ሰካው ነው። በኬብል ተገናኝቼ፣ ሌላ መሣሪያ ሁሉ ጠፍቶ፣ ራውተሩ በ1 ሚሊሰከንድ እየመለሰ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የውጩ ፒንግ ግማሹ ይጠፋል የሚል ሰው ግን መስመሩን የሚያይ ቴክኒሺያን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይዟል። ይህ ከተመዘገበ በኋላ ራውተሩ ይነቀል፤ ምን እንደተለወጠም ከመዝገቡ ጎን ይጻፍ። ልኬቱ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ራውተሩ በየጥቂት ቀኑ ካልተነቀለ የማይሠራ ከሆነ ቀሪው ተጠርጣሪ እሱ ራሱ ነው፦ የኃይል አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልትና አምፔር ከራውተሩ ጋር ይመሳሰል፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ፣ ሶፍትዌሩ ይታደስ፤ በዚህም ካልተሻለው ይለወጥ።