ከድምር በፊት አድራሻ
ለጀማሪ የኤክሴል ቀመር ስናስተምር ከድምር ትዕዛዝ ባንጀምር እላለሁ። መቅደም ያለበት በቁጥሩ ፈንታ የሳጥኑን አድራሻ መጻፍ ነው። ይፋግ ላይ የፎገራን ሩዝ የሚገዛ ነጋዴ ኩንታሉን B2፣ የአንዱን ዋጋ C2 ላይ ካሰፈረ፣ D2 ላይ =B2*C2 ብሎ ይጽፋል፤ ዋጋው ሲቀየር C2ን ብቻ ያርማል፣ ውጤቱ በራሱ ይስተካከላል። ቀመሩን ወደ ታች ሲጎትተው ደግሞ ቀሪዎቹ ረድፎች ይሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቪዚካልክ የተባለው የሂሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራምም ተፈላጊነቱ ከዚሁ በራስ የማስላት ችሎታ የመጣ ነበር።

«ካልኩሌተር ይፈጥናል» የሚሉ አሉ። ለአንድ ግዢ እውነት ነው። ነገር ግን ሂሳቡ ከሳምንት በኋላ ሲያጨቃጭቅ ካልኩሌተሩ መንገዱን አያሳይም፤ ቀመር ግን ሳጥኑን ሲነኩት ውጤቱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። አሰልጣኞች፣ እባካችሁ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሰልጣኙ በራሱ የሂሳብ ደብተር ጀምሩ።